ዶናልድ፦ ኦቲዝም ያለበት አንድ ሕፃን ከቤት እስከ አንደኛ ክፍል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938፣ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጠበቃ ጸሐፊያቸውን አስቀምጠው ስለ በኩር ልጃቸው ማስጻፍ ጀመሩ። ተጽፎ ሲያልቅ ደብዳቤው ሠላሳ ሦስት ገጽ ሆነ። የተላከውም ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒክን ለሚመሩት ለዶክተር ሊዮ ካነር ነው። ጠበቃው ቢመን ትሪፕሌት ይባላሉ፤ ልጁ ዶናልድ። ዶክተር ካነር በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች ባሳተሙት ጥናት ዶናልድን በመጀመሪያው ተራ አስቀመጡት። ዛሬ ኦቲዝም የምንለው ሁኔታ ራሱን ችሎ በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀው በዚያ ጥናት ነው። ግሩንያ ሱካሬቫ የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ቀደም ብለው በ1920ዎቹ ተመሳሳይ ልጆችን ገልጸው ነበር፤ በጊዜው ልብ ያላቸው ግን ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለ ኦቲዝም በአማርኛ ሲጻፍ ምልክቶቹ ይዘረዘራሉ፣ ምክር ይከተላል፤ አንድ ልጅ ከዓመት ዓመት ምን እየሆነ እንደሄደ ግን በዝርዝር ሲነገር እምብዛም አይታይም። የምርመራው ውጤት ገና የተነገራቸው ወላጆች ደግሞ ማወቅ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ ይናገር ይሆን? ከልጆች ጋር ይጫወት ይሆን? ትምህርት ቤት ይቀበሉት ይሆን? የዶናልድ መዝገብ ለሁሉም ልጅ የሚሆን መልስ አይሰጥም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት አባት፣ እናትና ሐኪሞች በየተራ የጻፉለት ልጅ በመሆኑ ለውጥ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የት እንደሚዘገይና ምን እንደሚያደናቅፈው በቅርብ ያሳያል። መዝገቡን አንብቤ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ዶናልድ ወደፊት የተራመደው የሚወደውን ነገር ሲነጥቁት ሳይሆን በሚወደው ነገር በኩል ሲገቡለት ነው።

ዜማ የሚያውቅ፣ ጥያቄ የማይመልስ

ዶናልድ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1933 ጊዜውን ጠብቆ ተወለደ። እናቱ ሜሪ የከተማዋን ባንክ ካቋቋመው ቤተሰብ የተገኙ፣ የተማሩ ሴት ነበሩ፤ አባቱ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተዋል። ልጁ በአሥራ ሦስት ወሩ በእግሩ ሄደ። በአካሉ ላይ የሚያሳስብ ነገር አልታየም። ምግብ ግን ከመነሻው አስቸጋሪ ነበር፤ ሌሎች ልጆች ከረሜላና አይስክሬም ሲበሉ እያየ እንኳ እንደማያምረው አባቱ ጽፈዋል።

ገና በአንድ ዓመቱ ብዙ ዜማዎችን ሳይስት ያንጎራጉር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሰዎችን ፊትና ስም፣ የከተማዋን ብዙ ቤቶች ስም ሳይቀር ይይዛል። ቤተሰቡ አጫጭር ግጥሞች ያስጠኑት ስለነበር መዝሙረ ዳዊት 23ን፣ ከፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የጥያቄና መልስ ትምህርትም ሃያ አምስት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃሉ ያዘ። ፊደላቱን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻም፣ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያም ይወርዳቸዋል። እስከ መቶ ይቆጥራል። የኢንሳይክሎፒዲያ ሥዕሎችን ለየ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን በፎቶግራፍ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ሰው ሲጠይቀው አይመልስም ነበር። ጥያቄና መልስ በቃሉ ያጠናው ነገር ካልሆነ በስተቀር ለእርሱ ሥራ ላይ የሚውል ነገር አልሆነም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ወላጅን የሚያዘናጋው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ መዝሙር ደግሞ፣ የማስታወቂያ ዘፈን ዘፍኖ ሲያበቃ ማን ነው ንግግሩ ላይ ችግር አለ የሚለው? ንግግር ግን የቃላት ብዛት ብቻ አይደለም። ልጁ የፈለገውን ለመጠየቅ፣ ያየውን ለሌላ ሰው ለማሳየት፣ ስሙ ሲጠራ አቤት ለማለት ይጠቀምበታል ወይ ነው ዋናው ነገር። ዶናልድ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ይህን አያደርግም ነበር።

ደስ የሚለው ብቻውን ሲተዉት ነው። እናቱ ወጥተው ሲሄዱ አያለቅስም፤ አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ልብ አይልም፤ ዘመድ ቢመጣም ግድ የለውም። የገና አባት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቢመጣለት እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። ወላጆቹ አጫዋች ቢያገኝ ይሻለዋል ብለው በእርሱ ዕድሜ ያለ አንድ ልጅ ከሕፃናት ማሳደጊያ አምጥተው በጋውን አብሮት እንዲያሳልፍ አደረጉ። ዶናልድ ልጁን አንድም ነገር አልጠየቀውም፣ ለጠየቀው አልመለሰለትም፣ አብሮትም አልሮጠም። በሁለተኛ ዓመቱ ደግሞ ክብ ነገሮችን፣ መጥበሻውንም ሆነ የመጫወቻ ብሎኩን፣ መሬት ላይ ማሽከርከር ትልቁ ደስታው ሆነ። ሲሽከረከሩለት በደስታ ይዘላል። ሦስት እግር ብስክሌት ግን ያስደነግጠው ነበር።

ከአባቱ ማስታወሻ ውስጥ በተለይ የምወደው የመንሸራተቻው ታሪክ ነው። በ1937 በጋ ለግቢው የልጆች መንሸራተቻ ተገዛ። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ሲንሸራተቱ ዶናልድ አጠገቡም አልደረሰ፤ አንሥተው ቢያስቀምጡት በፍርሃት ተዋጠ። በማግስቱ ጠዋት ግቢው ባዶ ሲሆን ብቻውን ወጣ፤ መሰላሉን ወጥቶ ተንሸራተተ። ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ይንሸራተት ነበር፤ ሌላ ልጅ በሌለበት ብቻ። እንዲህ ያለው ልጅ አይማርም ማለት አይቻልም። ሲንሸራተቱ አይቷል፣ እንዴት እንደሚወጣ አጢኗል፣ ሌሊቱን ይዞት አድሯል። ያልቻለው ነገር ሰው በተሰበሰበበት፣ ጩኸት ባለበት፣ ሌላው በመረጠለት ሰዓት ማድረግ ነው። በአፀደ ሕፃናት «አልችልም» ተብለው ከተጻፉ ብዙ ነገሮች በስተጀርባ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

አዎ የሚለው ቃል ታሪክ

ዶናልድ ሲናገር የሰማውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ያወጣዋል። ጫማው እንዲወልቅለት ሲፈልግ «ጫማህን አውልቅ» ይላል፤ ገላውን መታጠብ ሲያሰኘው «ገላህን መታጠብ ትፈልጋለህ?» ይላል። እኔና አንተ ቦታ ተለዋውጠዋል የሚባለው ይህ ነው። ከውጭ ለሚያየው ግራ መጋባት ይመስላል፤ በልጁ በኩል ግን አካሄድ አለው። ጫማ በሚወልቅበት ሰዓት የሚሰማው ድምፅ ያ ነበር፤ ስለዚህ ጫማ የሚያስወልቀው ያ ድምፅ ነው።

ቃልን ከነቦታውና ከነሁኔታው መያዙን እንደ አንድ ነገር የሚያሳይ የለም፤ እርሱም «አዎ» የሚለውን ቃል የተማረበት መንገድ ነው። አባቱ «አዎ ካልህ ትከሻዬ ላይ እሸከምሃለሁ» ብለው አስተማሩት። ልጁ ተማረ። ከዚያ በኋላ ግን አዎ ማለት ለዶናልድ ትከሻህ ላይ አውጣኝ ማለት ሆነ። ቃሉን ከአባቱ ትከሻ አላቆ ለሌላ ስምምነት ሁሉ ለመጠቀም ብዙ ወራት ፈጀበት፤ ለአጠቃላይ ማረጋገጫ ሲያውለው ደግሞ ከዚያም የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ወላጅም መምህርም ሊያጤነው የሚገባ ነገር ነው፦ አንድ ቃል በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ሽልማት ብቻ ከተለማመደ ልጁ የሚይዘው ቃሉን ከነወንበሩ ነው። በማዕድ ሰዓትም፣ በመንገድም፣ ከአያቱም ጋር፣ ከጎረቤትም ጋር ሊሰማውና ሊሠራበት ይገባል።

ሐኪሞቹ ትርጉም የለሽ ብለው ሊያልፉት የሚችሉት ንግግርም ሲመረመር ትርጉም ነበረው። አምስት የቀለም ብልቃጦች ነበሩት። በዚያ ዘመን በካናዳ የተወለዱት አምስቱ የዲዮን መንታዎች በየጋዜጣው ይወጡ ነበርና ዶናልድ ብልቃጦቹን በስማቸው ጠራቸው፤ ሰማያዊውን አኔት፣ ቀዩን ሴሲል። «አኔትና ሴሲል ሐምራዊ ይሆናሉ» ሲል ለማያውቀው ሰው ቅዠት ነው። ቀለም ለሚቀላቅል ልጅ ግን ትክክለኛ መልስ ነው።

ከቤት የራቀበት ዓመት

በኦገስት 1937፣ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ዶናልድ ለሳንባ ነቀርሳ የተጋለጡ ሕፃናት ወደሚቀመጡበት የሚሲሲፒ ግዛት ተቋም ተላከ። በሽታው ስለነበረበት አይደለም፤ አካባቢ ቢለውጥ ይሻለዋል፣ ቤተሰቡ ያለ መጠን ደክሞለታል የሚል ምክር ስለተሰጠ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ልጅ ወላጅ የሚሰጡት የተለመደ ምክር ይህ ነበር።

እዚያ አንድ ዓመት ቆየ። ክብደት ጨመረ። ከልጆች ጋር አልተጫወተም፤ በእርሱ ዕድሜ ያሉ ልጆችን የሚስብ ነገር አልሳበውም። ዕቃ ማሽከርከሩ ቀጠለ። አዲስ ያመጣው ነገር ራሱን ግራና ቀኝ የመነቅነቅ ልማድ ነው። ወላጆቹ ሊያወጡት ሲነሡ የተቋሙ ኃላፊ ተቃወሙ፤ ደህና ነው፣ ተዉት አሉ። ስለ ልጁ ዘገባ ሲጠየቁም የላኩት ግማሽ ገጽ ያህል ነው፤ ችግሩ የዕጢ በሽታ ሊሆን ይችላል የሚል። ከሠላሳ ሦስት ገጽ ጎን ሳስቀምጠው ያ ግማሽ ገጽ ያሳዝነኛል። ዓመቱን ሙሉ አጠገባቸው የነበረን ልጅ አላዩትም። በዚህ መዝገብ ውስጥ ይህ ነው የሚባል እድገት ያልተጻፈበት ብቸኛ ዓመት ያ ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያለው ጊዜ ደግሞ ለሕፃን ትንሽ ጊዜ አይደለም። ቢመንና ሜሪ ልጃቸውን በ1938 ወደ ቤታቸው መለሱ።

ባልቲሞር

በኦክቶበር 1938 ዶናልድ በባቡር ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ባልቲሞር ደረሰ። አምስት ዓመቱ ነበር። ለሁለት ሳምንት በሜሪላንድ የሕፃናት ጥናት ቤት ተቀምጦ ዶክተር ዩጂንያ ካመሩንና ዶክተር ጆርጅ ፍራንክል ተከታተሉት።

ፈገግ እያለ ይዞራል፣ ጣቶቹን በአየር ላይ ያጠላልፋል፣ ያንኑ ባለ ሦስት ድምፅ ዜማ ያንሾካሹካል። ክፍል ውስጥ ሲያስገቡት ሰዎቹን አልፎ በቀጥታ ወደ ዕቃዎቹ ይሄዳል፤ በተለይ ሊሽከረከር ወደሚችለው። ዶቃዎችን፣ እንጨቶችን፣ ብሎኮችን በቀለም በቀለማቸው ይደረድራል፤ ሲጨርስ ይጮኻል፣ ይዘላል። አንድ ሰው ብሎኩን ቢረግጥበት የሚናደደው በእግሩ እንጂ በሰውየው አይደለም፤ እግሩን ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይገፋዋል።

ማዕድና እንቅልፍ በቃል ሥርዓት የታጠሩ ነበሩ። ከቀን እንቅልፉ ሲነሣ እናቱ «ዶን፣ መውረድ ትፈልጋለህ?» እንዲሉት እርሱ ራሱ ያዝዛቸዋል፤ ካሉት በኋላ ደግሞ «አሁን እሺ በል» እንዲሉት ይጠይቃል። ያ ካልሆነ ዋይታ ነው። ወተት ሲጠጣም እንዲሁ የታወቀ ዐረፍተ ነገር እስኪነገር ድረስ አይቀጥልም። ሜሪ ቀኑን ሙሉ የሚያሳልፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ልጃቸውን ተስፋ የሌለው የአእምሮ ሕመምተኛ ብለው በደብዳቤ የጻፉት እኒሁ እናት ናቸው፤ ድካማቸው ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መደበኛ የችሎታ ፈተና ሊፈተን አልቻለም። ቅርጾችን በየቀዳዳቸው የሚያስገቡበት ሰሌዳ ሲቀርብለት ግን የቅርጾቹን ስም አጥብቆ ይሻ ነበር፤ ስማቸውን ካወቀ በኋላ በየቦታቸው ያስገባቸዋል። ከአሥር አራት ሲቀነስ ስንት ነው ሲሉት የሰጠው መልስ «ባለ ስድስት ጎን እሥላለሁ» የሚል ነበር። ትክክለኛ መልስ ነው። ፈታኙ ስድስት የሚለውን ቃል ብቻ ቢጠብቅ ኖሮ ዜሮ ይሰጠው ነበር።

ከቤት የተላኩ ደብዳቤዎች

ከባልቲሞር መድኃኒት ይዘው አልተመለሱም፤ አልነበረምና። የዶናልድ ለውጥ ከዚህ በኋላ የተጻፈው በአብዛኛው በእናቱ ደብዳቤዎች ነው፣ የተገኘውም በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነው። አቀላጥፎ ማንበብ ቻለ፤ በፒያኖ ቀላል ዜማዎችን መጫወት ተማረ። ትኩረቱን ማግኘት ከተቻለ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብሉ ጥያቄዎችን መመለስ ጀመረ። አንዳንዴ ራሱን «እኔ» ይል ጀመር። በፌብሩዋሪ 1939 ግን ተደናቅፎ ሊወድቅ ሲል ስለ ራሱ የተናገረው «አልወደቅህም» ብሎ ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይኖራል፤ በደነገጠ ሰዓት አሮጌው ይቀድማል። ይህን ያላወቀ ወላጅ አንድ ቀን «እኔ» ያለ ልጅ በማግስቱ «አንተ» ሲል ሁሉ ነገር የጠፋ ይመስለዋል።

በዚያው ዓመት ስለ ፊደል አጻጻፍ መከራከር ጀመረ። በእንግሊዝኛ አጨራረሳቸው አንድ ዓይነት የሚሰማ ቃላት ለምን በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ ብሎ ይገረም ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ለሰዓታት ይቆያል። ጨዋታውም፣ ምንም እንኳ ሥርዓት ያልተለየው ቢሆን፣ ዓይነቱ በዛ።

በሜይ 1939 ለሁለተኛ ጊዜ ባልቲሞር ሲመለስ ሐኪሞቹ ልዩነት አዩ። ትኩረቱ ተሻሽሏል፤ ሲከለከል ማዘኑ ይታወቃል፤ ቃል የተገባለትን ይጠይቃል፤ ሲመሰገን ደስ ይለዋል። የመጨረሻው በተለይ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዓመታት በፊት አባቱ ሲገቡ ዞር ብሎ የማያይ ልጅ አሁን የሌላ ሰው ምስጋና ይነካዋል። በዚያው ጉብኝት ደግሞ ወረቀት ያኝካል፣ ምግብ ፀጉሩ ላይ ያፈሳል፣ መጽሐፍ መጸዳጃ ውስጥ ይጥላል፣ ቁልፍ በውኃ ማስወገጃው ይሰድዳል፣ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። «ነጠላ ሰረዝ» እና «ድርብ ሰረዝ» እያለ በጣቱ አየር ላይ ይጽፋል። ኢንሳይክሎፒዲያ አግኝቶ ከማውጫው አሥራ አምስት ያህል ቃላት አጥንቶ ይደጋግማቸው ነበር። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ መጻፋቸው የካነርን መዝገብ ታማኝ ያደርገዋል። የዘንድሮው ልጅና የአምናው ልጅ በአንድ አካል አብረው ይውላሉ።

ሐኪሞቹ ለእናቱ የሰጡት እርዳታ ልጁ በተራው የቤት ኑሮ ውስጥ እንዲሳተፍ ማድረግ ላይ ያተኮረ ነበር። በሴፕቴምበር 1939 የጻፉት ደብዳቤ የዚህን ፍሬ ያሳያል። ለመብላት፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ አሁንም የእናቱ ጉትጎታና እጅ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በብሎኮቹ ነገር ይሠራል፤ ተረት ያስመስላል፤ መኪና ሊያጥብ ይሞክራል፤ አበባ በጎማ ያጠጣል፤ ከጓዳው ዕቃ አውጥቶ ሱቅ ይጫወታል፤ በመቀስ ሥዕል ሊቆርጥ ይታገላል። ቁጥር አሁንም ይስበዋል። ስለ ሰው ግን አንድም ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም፤ ቤተሰቡ ሲያወራም ጆሮ አይሰጥም።

ይህ ዝርዝር ዛሬ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ ሕክምና አያንስም። አበባ ማጠጣት ተራ መጠበቅ ነው፤ ሱቅ መጫወት ሻጭና ገዥ መሆን ነው፤ መኪና ማጠብ ሰው ሲያደርግ አይቶ መከተል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና መሠረቱ ይኸው ነው፤ በቤት ጨዋታና በዕለት ሥራ ውስጥ ከልጁ ጋር መግባባትን መለማመድ።

ወርቃማው ዓሣ

በዚያው ዓመት የእናቱ ወዳጅ የሆኑ አንዲት ርእሰ መምህር ዶናልድን በአንደኛ ክፍል ሊሞክሩት ፈቀዱ። የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ከባድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ እየተሻለው ሄደ። በኦክቶበር እናቱ ሲጽፉ በሰልፍ በደንብ እንደሚሄድ፣ ሲጠራ እንደሚመልስ፣ ይበልጥ ታዛዥ እንደሆነ ይናገራሉ። ትምህርት ቤት የሆነውን በራሱ አንሥቶ አይነግራቸውም፤ አልሄድም ብሎም አያውቅም።

በኖቬምበር ሜሪ ክፍሉ ገብተው አዩ። ልጃቸው አይጮኽም፣ አይሮጥም፤ እንደሌሎቹ ልጆች በቦታው ተቀምጧል። መምህርቷ ከሚናገሩት ግማሽ ያህሉን ያዳምጣል። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ሲጀምሩ ግን ዓይኑ ወዲያው ወደዚያ ሄደ። የጻፉት ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፦ ቤቲ ዓሣ ትመግብ፤ ዶን ዓሣ ይመግብ፤ ጄሪ ዓሣ ይመግብ። ተራው ሲደርስ ዶናልድ ተነሥቶ ሄደ፤ በራሱ ስም ዙሪያ ክብ አሠመረ፤ ከዚያም ወርቃማውን ዓሣ መገበ። ቀጥሎ የልጆች ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲታደል መምህርቷ ያሉትን ገጽ ገለጠ፤ ሲጠራ አነበበ፤ ስለ ሥዕሉ የተጠየቀውንም መለሰ። ደስ ሲለው በየመሃሉ ዘለለ፤ አንድ ጊዜም እየመለሰ ሳለ ራሱን ነቀነቀ።

የመምህርቷን ብልሃት ልብ ይሏል። ትእዛዙ በአየር ላይ አልቀረም፤ ልጁ በሚወደው በጽሑፍ ቀረበለት። ስሙ በሌሎች ልጆች ስም መካከል ተጻፈ። የሚያደርገው ነገር አጭር ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ተራውም መቼ እንደሚደርስ ሰሌዳው ያሳያል። ዛሬ በልዩ ፍላጎት ትምህርት በሥዕልና በጽሑፍ የተደገፈ መርሐ ግብር የምንለውን እኒያ የገጠር ከተማ መምህር ያለ ሥልጠና በጠመኔ ሠሩት። መዝለሉንና መነቅነቁንም አላስቆሙትም። ዓሣውን መገበ ወይ? መገበ። ይበቃል።

በማርች 1940 እናቱ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ በዙሪያው ያለውን ነገር ማስተዋሉ ነው ብለው ጻፉ። ብዙ ይናገራል፣ ብዙ ይጠይቃል። በትምህርት ቤት ስለሆነው ነገር ወደ መልሱ የሚመራ ጥያቄ ከጠየቁት በትክክል ይመልሳል። ከልጆች ጋር በእውነት ይጫወታል። አንድ ቀን አዲስ የተማረውን ጨዋታ ለቤተሰቡ አምጥቶ እያንዳንዱ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ በአንድ አዘዘ። ከማሳደጊያ በመጣው ልጅና በዚህ ቀን መካከል ያለውን ርቀት ያስቡት። ጨዋታውን በልምዱ በደንብ እንደተዘረጋ ሥርዓት አድርጎ ነው ያመጣው፤ ሥርዓት መውደዱ አልጠፋም፤ አሁን ግን ሰዎች የሚገቡበት ሥርዓት ሆኗል።

ያልተለወጠና ያላግባብ የተለወጠ

ዶናልድ ኦቲዝሙ አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላም እናቱ የሚጽፉት አሁንም አንድ ነገር ከያዘ ስለማይለቅ ልጅ ነው፤ የአንድ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ማርች 3 ቀን 1923 መውጣቱን ካነበበ በኋላ የየእትሙን ቀን መዝግቦ ለመጨረስ ተነሥቶ ነበር። በ1942 ወላጆቹ ከከተማ ወጣ ብለው ለሚኖሩ ገበሬ ባልና ሚስት አደራ ሰጡት። እነርሱም መለካት ሲወድድ ጉድጓድ አስቆፍረው ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉ፤ የበቆሎ መደብ ሲቆጥር እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀዱለት። ካነር በ1945 ሊጠይቁት ሄደው ፈረስ ጠምዶ ሲያርስ አይተው ተደነቁ።

እናቶች ላይ ስለወረደው ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ካነር ራሳቸው በ1943 ልጆቹ ሲወለዱ ጀምሮ እንዲህ ናቸው ብለው ጽፈው ሳለ፣ በኋላ ግን ስለ ወላጆች ቅዝቃዜ በጻፉትና በተናገሩት የተነሣ በብዙ አገር እናቶች ለሃያ ዓመታት ያህል የልጆቻቸው ሕመም ምክንያት ተደርገው ተቆጠሩ። በ1969 በወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆመው ወላጆችን ነጻ አድርጌአችኋለሁ አሉ። ሜሪን ያዩ ሰው ቀድሞውንም ይህን ማለት ነበረባቸው። በእኛም ዘንድ እናት እርግማን ወይም ኃጢአት ያመጣችው ነው እየተባለች ልጇን የምትደብቅበት ቤት ብዙ ነው። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ያን ድብቅነት በአደባባይ የተጋፈጡት በራሳቸው ስም ነው።

ገንዘብም ነበር። ባንክ ያለው ቤተሰብ፣ ጠበቃ አባት፣ ርእሰ መምህር ወዳጅ፣ እስከ ባልቲሞር የሚያደርስ የባቡር ክፍያ። ሚሲሲፒ በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት የሚለይ ግዛት ነበር፤ በዚያው ከተማ የተወለደ፣ ዶናልድን የመሰለ ጥቁር ልጅ ያ ሰሌዳና ያ ዓሣ አይደርሱትም፤ መዝገብም አይኖረውም። ይህን ሳይጠቅሱ የቤተሰቡን ጽናት ብቻ ማወደስ ፍትሕ አይሆንም።

ዶናልድ በ1958 ከሚልሳፕስ ኮሌጅ በፈረንሳይኛ ተመረቀ፤ በቤተሰቡ ባንክ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ጎልፍ ተጫወተ፤ ብቻውን ብዙ አገሮችን ዞረ። የፎረስት ሰዎች እንዳለ ተቀብለውት ኖረ። በጁን 2023 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ካነር በ1971 አሥራ አንዱን ልጆች ተከታትለው ምን ላይ እንደደረሱ ጽፈዋል። ከዶናልድ ሌላ ሠርቶ ለማደር የበቃ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። ወደ መንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች የገቡት፣ በሕፃንነታቸው እንደ ዶናልድ ያስደንቁ የነበሩ ጭምር፣ ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ የነበራቸውን የማስታወስ ችሎታና ንቃት አጡ። እዚያ መግባት የዕድሜ ልክ ፍርድ ያህል ነበር ብለው የጻፉት ካነር ራሳቸው ናቸው።